ጄኔራሉና ኢማሙ በአንድ ሚኒባስ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላሉ፣ ጉራጌ አገር ሄደው ለማያውቁና የመሄድም ሐሳብ ለሌላቸው ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ በየደጃፉ «እንዴት ነበር?» እየተባልኩ ቆሜ ሳወራ ጉልበቴ አለቀ። እኔም ቁጭ ብዬ ልጻፈው፤ እናንተም ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። «አስካለ፣ በርኖስ አምጪልኝ» አለኝ ታደለ። ታደለ ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ የታሪክ መምህር ነው፤ የእኛው አገር ልጅ ሆኖ ወልቂጤ ተመደበና እዚያው ሸበተ። ወልቂጤ ደግሞ በርኖስ የሚያስለብስ ብርድ የለም። «አሞሃል እንዴ?» አልኩት። አላመመውም። ቲያትር ጽፏል።

ቲያትሩ ስለ ካውካሰስ ተራራ ሰዎች ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ካውካሰስን ካርታው ላይ በዘንግ እየነካሁ «በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል» ብዬ አልፈው ነበር፤ እዚያ ሰው እንደሚኖር ትዝም ብሎኝ አያውቅም። ታደለ እንደነገረኝ ግን በአያቶቻችን አያቶች ዘመን የሩሲያው ንጉሥ፣ ዛር የሚሉት፣ ያን ተራራ ልያዝ ብሎ ጦር ላከ። ተራራው ላይ የሚኖሩት ዳግስታኖች፣ ቼቼኖችና ሰርካሲያኖች እንቢ አሉ፤ ልጅ ወልዶ ልጁም እስኪዋጋ ድረስ ተዋጉ። በምሥራቅ በኩል ያሉትን አንድ ኢማም ይመራቸው ነበር። በመጨረሻ ኢማሙ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ተራራ ላይ ተከበበና እጁን ለሩሲያው ጄኔራል ሰጠ። የእነዚያ ሰዎች ልብስ ከበግ ፀጉር የተሠራ ጥቁር ካባ ስለነበር ታደለ ሥዕሉን ሲያይ «ይሄማ የመንዝ በርኖስ ነው» ብሎ ወደ እኔ ደወለ።

ከዘመድ ከጎረቤት እየለመንኩ አምስት በርኖስ ሰበሰብኩ። አጎቴ የራሱን ሲሰጠኝ «ሩሲያ እንዳይማርከው» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የመጀመሪያው ቀን። ጎህ ሲቀድ ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። ጆንያዬን ታቅፌ ላምበረት ወረድኩ፤ ከዚያ አየር ጤና ሄጄ የወልቂጤ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ጆንያውን ከላይ አሰረው። ከሰበታ ወዲያ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። በእኛ በኩል መኪና ከደጋ ወደ ደጋ ሲሄድ ገብስና ድንጋይ፣ ድንጋይና በግ ነው የሚታየው፤ በጅማ መንገድ ግን ጥቁር አፈር፣ ጤፍ፣ ከዚያም ዛፍ እየበዛ ይመጣል። ሹራቤን ወሊሶ ላይ አወለቅኩ። ወልቂጤ ስደርስ የሚወልቅ ልብስ አጣሁ።

ታደለ መናኸሪያ ጠብቆኝ ነበር። በባጃጅ ቤቱ ደርሰን፣ እጁን እያሻሸ ጆንያውን ፈታው። ነጭ ሽንኩርት ነው። እስከ ታች ድረስ ቆፈረው፤ ነጭ ሽንኩርት።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የአጎቴ ፊት ድቅን አለብኝ። ታደለ ወደ መናኸሪያ ተመልሶ ተራ አስከባሪውን ሲጠይቅ፣ ተራ አስከባሪው ለረዳቱ ደወለ፤ ረዳቱም ቱሉ ቦሎ ላይ ከወረደች ነጋዴ ሴት ጆንያ ጋር እንደተቀያየረ አመነ። የሴትዮዋን ስልክ አግኝተን ስንደውል ገና «ሃሎ» ከማለቴ፣ «እኔ የጫንኳቸው ሽንኩርቶች ናቸው፤ የወረዱልኝ መነኮሳት ናቸው!» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ላከችልን። በርኖሶቹን አራግፋ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አንድ በአንድ አጥፋ ነበር የላከችው። ሽንኩርቷን ስንመልስላት ደግሞ «ለወጥ የሚሆናችሁን ሳትቀንሱ እንዳትልኩ» አለች። ሰው እንዲህ ነው፤ ፊቷን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

የደረስኩ ዕለት ማታ እራት ስንበላ አንድ ነገር ጎደለኝ። ታደለ ስለ ወልቂጤ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው አንድ ሰው ነበር፤ መምህር ኑሪ የሚባል፣ አማርኛ የሚያስተምር፣ ከእሱ ጋር አጥር ለአጥር የተጎራበተ የቡታጅራ ሰው። የገባ ሰሞን ታደለ ወባ ሲይዘው ያስታመመው ኑሪ ነው። ኑሪ ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ታደለ ነበር። በአጥራቸው መሀል መተላለፊያ በር አበጅተው ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስ ግን በሩ በሽቦ ታስሯል።

«ኑሪስ?» አልኩት።

«ኢማሙን ሆኖ ይጫወታል» አለና ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ሁለተኛው ቀን። ጠዋት ግቢ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ አንድ ረጅም፣ ጢሙን ያሳመረ ሰው ከአጥሩ ወዲያ «እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። «ለመምህር ታደለ ንገሪልኝ፤ ልምምዱ በሦስት ሰዓት ነው።» ታደለ ከአጠገቤ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። «ለመምህር ኑሪ ንገሪልኝ፤ ሰዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔ በሁለቱ መሀል ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩን ከሁለቱም ለየብቻ ሰማሁት። የተጣሉት በቲያትሩ መጨረሻ ነው። ኑሪ «ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋ ሰው ጎራዴውን ሲያስረክብ ለተማሪ ምን ያስተምራል? እዚያ ሳይደርስ መጋረጃው ይዘጋ» አለ። ታደለ «ታሪክ እንደ ወጥ አይቀጠንም፤ እጁን ሰጥቷል፣ ይሰጣል» አለ። ይህ ብቻ ቢሆን በሻይ ያልቅ ነበር። ታደለ ግን በልምምድ መሀል፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት፣ «አንተ አማርኛህን አስተምር፤ ታሪኩን ለእኔ ተው» አለው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት መድረክ ላይ ብቻ ነው። ጄኔራሉ ኢማሙን ያናግረዋል፤ ታደለ ኑሪን አያናግረውም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቲያትሩ ከጠበቅኩት በላይ ያምር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሩሲያ የሚሆን ተማሪ ጠፍቶ ነበር አሉ፤ ሁሉም ተራራ ሰው መሆን ፈለገ። ታደለ መላ መታ፤ ለልምምድ ያረፈደ ሁሉ የዛር ወታደር እንዲሆን ፈረደ። በዚህ የተነሳ የሩሲያ ጦር መድረክ ላይም ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

ወታደሮቹ የያዙት ከጠመንጃ ይልቅ መጥረቢያ ነው። ይሄ እውነት ነው፤ ተራራ ሰዎቹ በጫካው ውስጥ አልበገር ሲሉ ጦሩ በየክረምቱ ጫካውን እየመነጠረ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥይት የሚደርስበትን ያህል ገላጣ እያደረገ ገባ። መድረኩ ላይ የተተከሉትን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች መቁረጥ ሲጀምሩ አንዲት እናት ከኋላ «ዛፉን እንኳ ተዉላቸው!» ብለው ጮኹ። ኢማሙ ትንሽ ልጁን መያዣ አድርጎ ለሩሲያ ሲሰጥ፣ ልጁ ዛሩ ዘንድ አድጎ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ የአባቱ ቋንቋ ጠፍቶት ሲቆም፣ ከኋላ ያሉት ሊያዩ ቆሙ። ኑሪ ያን ልጅ ሲያቅፈው የእውነት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ታደለ የጄኔራል ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ኑሪ በአጎቴ በርኖስ ቀስ እያለ መጥቶ ጎራዴውን ከፊቱ አደረሰው። ታደለ እጁን ዘረጋ። ኑሪ እጁን አየው፤ ዞረ፤ ጎራዴውን ይዞ ከመድረክ ወርዶ በጎን በር ወጣ። ጣሪያው እስኪነሳ ተጨበጨበ። ታደለ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ መጋረጃ ሳቢው ተማሪም የሚያደርገው ጠፍቶት ቆይቶ ቆይቶ ሳበለት።

ቤት ስንገባ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሻይ አፍልቶ ቁጭ አለና «ዝውውሬ ደርሷል፤ ደብረ ብርሃን» አለኝ። እናቱ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ትምህርት ሲዘጋ ይሄዳል። «ከነገ ወዲያ ቡታጅራ የምናሳየው የመጨረሻ ጨዋታችን ነው። ከዚያ በኋላ እኔና እሱ አንድ ቦታ የምንቆምበት ምክንያት የለም።»

«ሂድና ታረቀው እንጂ፤ አጥር ብቻ ነው ያለው በመሀላችሁ!»

«ምን ብዬ?» አለ። ይህን ያህል መጽሐፍ ያነበበ ሰው አንዲት ቃል አጥቶ ሳየው አሳዘነኝ፤ ደግሞም አናደደኝ።

ሦስተኛው ቀን። ወደ ቡታጅራ ጉዞ። ተማሪዎቹ በትልቁ መኪና ቀደሙ፤ እኔ፣ ጄኔራሉና ኢማሙ በሚኒባስ ተከተልን። ሁለቱም «አስካለ ትሁን መሀል» አሉ፤ የተስማሙበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። መንገዱ በአገና በኩል ተራራውን ያቋርጣል። እኛ ተራራ የምንለው ራሰ በራ ነው፤ የእነሱ ግን እስከ ደረቱ እንሰት፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ጭጋግ ነው። እያንዳንዱ መንደር ፊት ለፊት ጀፎረ አለ፤ ሰፊ፣ ሳር የለበሰ የጋራ መንገድ። ሰርግም ለቅሶም እዚያው ነው፤ ማንም ቢሆን አጥሩን ወደዚያ መግፋት አይችልም። በእኛ ሰፈር በአንድ ክንድ መሬት ስንቱ ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ እያሰብኩ ቀናሁባቸው።

«እትዬ አስካለ» አለ ኑሪ በመስኮት እያየ፣ «ለመምህር ንገሪልኝ፤ እንዲህ ያለ አገር ያለው ሰው እጁን አይሰጥም።»

«ንገሪው» አለ ታደለ በሌላኛው መስኮት፣ «የካውካሰስ ሰዎችም እንዲህ ያለ አገር ነበራቸው። ሰርካሲያኖቹን እኮ ከነቤተሰባቸው በመርከብ ጭነው አባረሯቸው። የደረሰው ደርሷል። አለመናገር አያድናቸውም።»

እኔ ለማንም አልነገርኩም፤ ጆሮ አላቸው።

ከአገና አለፍ እንዳልን ጎማው ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማ ሊያስጠግን ወደ ኋላ ሲመለስ ጭጋጉ ወረደብን፤ ቅዝቃዜው ልክ የእኛ አገር ስለሆነ እኔ ደስ አለኝ፣ ሁለቱ ግን ተንቀጠቀጡ። በጀፎረው ላይ ሲያልፉ ያዩን እማማ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት «ሰው መንገድ ላይ ቆሞ?» ብለው እየነዱ አስገቡን። ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ እሳት ዳር አስቀመጡን። ቤቱ ክብ፣ ከፍ ያለ፣ ውስጡ ከውጭው የሚሰፋ የሚመስል ነው። ቀጥሎ ትኩስ ቆጮ፣ አይብና ጎመን የተቀላቀለበት ዘማሙጃት፣ ከጎኑም ሚጥሚጣ መጣ። ቆጮ በሆቴል በልቻለሁ፤ የሆቴሉን ቆጮ አትቁጠሩልኝ።

ለእኔ ከራሳቸው ጋር አቀረቡልኝ፤ ለሁለቱ ወንዶች በአንድ የእንሰት ቅጠል። ታደለና ኑሪ ተያዩ፤ ሴትዮዋን ማስቀየም አይቻልም። ከሁለት ዳር ጀምረው፣ አንዱ የአንዱን ድንበር ሳይነካ በሉ። መሀሉ ላይ ያለው አይብ ሳይነካ ቀረ። እማማ ብዙነሽ ትንሽ አዩአቸውና «እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው?» አሉኝ በጆሮዬ። ሁለቱም ወደ ስልሳ የተጠጉ ሰዎች ናቸው።

«ተኳርፈው ነው።»

«ርቧቸው መስሎኝ» አሉና አይቡን በማንኪያ ለሁለት ከፍለው በየፊታቸው አደረጉላቸው።

ጎማው ተጠግኖ ሲመጣ እማማ ብዙነሽ ለመንገድ ቆጮ ጠቅልለው ሰጡን። ቡታጅራ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሾፌሩ ስለዘገየን ይቅርታ ሲጠይቀን ታደለ «ለሩሲያ ምንም አይደለም፤ ለምደናል» አለ። ኑሪ ሊስቅ ሲል አየሁት። ወዲያው ግን አፉን ያዘ።

አራተኛው ቀን። ቡታጅራን ወደድኳት። ከወልቂጤ ትደምቃለች፣ ትፈጥናለች፤ ገበያዋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በአላፊ አግዳሚው ፊት ሳስነጥስ «የርሐሙኪላህ»፣ ይማርሽ፣ የሚሉኝ ነጋዴዎች በዙ። ቁርስ በላን፤ ፉል፣ ትኩስ ዳቦና ስኳሩ የበዛበት ሻይ። ለምሳ የጠሩን የኑሪ አጎት ሐጂ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ነጭ ኮፍያቸው ንጹሕ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማያንስ። በአካባቢው ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው አሉኝ። ታደለንም ለብዙ ዓመት ያውቁታል፤ «ልጄ» ነው የሚሉት።

ታደለና ኑሪ አዳራሹን ሊያዘጋጁ ሲወጡ ሐጂ እኔን አስቀሩኝ። «እስቲ ታሪኩን ንገሪኝ» አሉ። ከመጥረቢያው ጀምሬ እስከ መያዣው ልጅ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሰርካሲያኖቹ በመርከብ ሲሰደዱ ስል ከንፈራቸውን መጠጡ። ጄኔራሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኢማሙን እንደጠበቀው ስደርስ አቋረጡኝ።

«ተቀምጦ?»

«አዎ፣ ሐጂ። እንዲያ ነበር ይባላል።»

«ሽማግሌ ሰው እየመጣ፣ ያውም ተሸንፎ እየመጣ፣ ተቀምጦ ይጠብቀዋል?» ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጦርነቱ ሁሉ ይሄ ነው የከነከናቸው። ከዚያ «በመሀላቸው የገባ ሰው አልነበረም?» ብለው ጠየቁኝ። የሰማሁት የለም አልኳቸው።

አዳራሹ ከወልቂጤው ይበልጥ ሞልቶ ነበር። ሐጂ ከፊት ወንበር፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ወታደሮቹ ዘግይተው ደረሱ፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ ልጁ ተመለሰ፣ ሰው አለቀሰ። እኔ ግን መጨረሻውን እየፈራሁ ነበር። እዚህ የኑሪ አገር ነው፤ እዚህ ጎራዴውን ይዞ ቢወጣ ጭብጨባው እስከ ወልቂጤ ይሰማል። ታደለም እጁን ዘርግቶ ይቀራል፤ እንደተዘረጋም ይዞት ደብረ ብርሃን ይገባል።

ታደለ ድንጋይ በተባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ኑሪ ከመድረኩ ጥግ በበርኖሱ ብቅ አለ። መራመድ ጀመረ።

«ጄኔራል!»

ድምፁ ከመድረኩ አልነበረም። ሐጂ ሸምሱ ተነስተው ቆመዋል። «ጄኔራል፣ ተነስ! ሰው እየመጣ ተቀምጦ አይጠበቅም!»

ታደለ የጄኔራል ኮት ይልበስ እንጂ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ሳያስበው ብድግ አለ። «ኖር!» አለ ደግሞ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየደገፏቸው መድረኩን ወጡ። በጄኔራሉና በኢማሙ መሀል ቆሙ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ።

«እኛ ሽማግሌ ነን» አሉ። «ጦርነቱን አይተናል፤ ይበቃል። ኢማም፣ ሽማግሌ ይረገጣል?»

«አይረገጥም» አለ ኑሪ።

«በሩሲያስ?»

ታደለ ተማሪዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «በሩሲያም አይረገጥም» አለ።

«እንግዲያው ጄኔራል፣ ያጠፋኸውን አንተ ጀምር።»

ቃሉን እያነበበች የምታስታውሳቸው ተማሪ ከመጋረጃው ኋላ ወረቀቷን ታገላብጣለች፤ እንዲህ ያለ ገጽ ከየት ይምጣ! ታደለ የጄኔራል ቆቡን አወለቀ። «በተማሪዎቹ ፊት ክብሩን ነካሁ» አለ። ድምፁ የቲያትር ድምፅ አልነበረም። «አማርኛህን አስተምር አልኩት። ይህን ቲያትር እኔ ስጽፈው ደረቅ ነበር፤ ቃሉን ያቃናልኝ፣ ነፍስ የዘራበት እሱ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

ሐጂ ወደ ኑሪ ዞሩ።

«ኢማም፣ አንተስ ምን አለህ?»

ኑሪ ጎራዴውን እንደያዘ ሐጂን አልፎ፣ እኔንም ሳይጠራ፣ በቀጥታ ታደለን አናገረው። «ልትሄድ ነው አሉኝ» አለ። «ከመምህራን ክፍል ሰማሁት። ከሻይ ቤት ሰማሁት። ለምን ከሰው ልስማ? ለምን አንተ አልነገርከኝም?»

«አትሂድ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«አትሂድ ብልህስ ምን ነበረበት?»

ሐጂ የሁለቱን እጅ ይዘው አገናኙና መረቁ፤ አዳራሹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ «አሚን» አለ። ሁለቱ ተቃቀፉ። በርኖሱና ኮቱ አንድ ላይ ሆነው ከመሀል ማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። እኔ መሀረብ ስላልያዝኩ በነጠላዬ ፊቴን ጠረግሁ።

እንግዲህ አለቀ ስንል ኑሪ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና በርኖሱን አስተካከለ። «ቲያትሩ አላለቀም» አለ። ወደ ታደለ ተራመደ፤ ያን ሁሉ ወር አልልም ያለውን፣ ታደለ የጻፈለትን ቃል ተናገረ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደተዋጋ፣ ጫካው እንዳለቀ፣ ሰዎቹ እንዳለቁ፣ የቀሩት ልጆች እንዲተርፉ ብሎ እንደመጣ። ሲለማመደው የከረመ ያህል አሳምሮ ተናገረው። ጎራዴውን በሁለት እጁ አቀረበ።

ታደለ እጁን አልዘረጋም። «አልቀበልም» አለ።

«ተቀበል እንጂ!» አለ ኑሪ ጥርሱን ነክሶ። «ታሪክ ነው!»

«ታሪኩን አውቀዋለሁ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ለካ ሽማግሌ ለዚህም ያስፈልጋል። ሐጂ ጎራዴውን ከኑሪ እጅ ወስደው «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ። በዚህ መሀል የሩሲያ ጦር፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ «ኡራ!» እያለ ወደ መድረኩ ገባ፤ እንደገና ተቃቅፈው የቆሙትን ሁለቱን መሪዎች ሲያይ ደነገጠና ዞሮ ወጣ። መጋረጃው ሲዘጋ የነበረውን ጭብጨባ መቼም አልረሳውም።

አምስተኛው ቀን። ጠዋት የአዲስ አበባ መኪና እየጠበቅሁ ሐጂን ሊያሰናብቱኝ ሲመጡ አገኘኋቸው፤ ለአጎቴ ብለው በርበሬ በፌስታል ይዘዋል። ማታ እንቅልፍ የነሳኝን ጠየቅኋቸው፤ «ሐጂ፣ ቲያትር መሆኑን ረስተውት ነው?»

«ቲያትር መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ። «ቲያትር ካለቀ ግን ሁለቱም ልብሳቸውን ቀይረው በየበኩላቸው ይሄዳሉ። ሳያልቅ መግባት ነበረብኝ።»

ያ የሩቅ አገር ጦርነት ሳያልቅ የገባበት ሰው ባለመኖሩ አዘንኩ። ለእነዚያ ተራራ ሰዎች እንዲህ ከልቤ ማዘኔ ይገርመኛል፤ ይህን ያህል ዓመት ካርታቸውን ሳስተምር አዝኜላቸው አላውቅም።

በርኖሶቹ በሰላም ገብተዋል። አጎቴም የራሱን አገላብጦ ፈትሾ «አልተማረከም» ብሎ ተቀብሎኛል።

ሰኔ ላይ ታደለ ዕቃውን ጭኖ ከወልቂጤ ተነሳ። ኑሪ «እስከ ወሊሶ ልሸኝህ» ብሎ አብሮት ተሳፈረ። መንገዱን ሁሉ ስለዚያው መጨረሻ ተከራከሩ አሉ፤ አሁን ደግሞ ኑሪ «እጁን መስጠት አለበት» ባይ ነው፣ ታደለ እንቢ ባይ። ወሊሶ ሲደርሱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ኑሪ «ወራጅ የለም፤ ንዳው» አለና ክርክሩን ቀጠለ።